ዶክትሬቴን ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ

እናቴ ለምርቃቴ ለንደን የመጣች ጊዜ የደም ግፊት ኪኒኖቿን በፌስታል ቋጥራ ነበር የመጣችው። «እስቲ እዪልኝ፣ ሳል ያመጣብኝ የትኛው ነው?» አለችኝ። እኔ የማውቀው በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት በትልቅ ጋን ውስጥ እንዴት እንደሚመረት እንጂ ለማን ምን እንደሚታዘዝ አይደለም ብላት አልተዋጠላትም። «ታዲያ ምኑን ዶክተር ሆንሽው?»

የተማርኩት ኢንጅ-ዲ የሚባለውን፣ የምህንድስና ዶክትሬትን ነው። እንግሊዝ አገር በ1992 ነው የተጀመረው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከተለመደው ፒኤችዲ የሚለየው ጥያቄው ከፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ሳይሆን ከኩባንያው መምጣቱ ነው። አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከወጪው ከፊሉን ኩባንያው ይሸፍናል፤ ተማሪው አንድ አማካሪ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ደግሞ ፋብሪካ ይኖረዋል። ለሁለት ጌታ ማደር ማለት ነው። አንደኛው ለምን ብለሽ ጠይቂ ይልሻል፤ ሌላው እስከ ሐሙስ አድርሺልኝ ይላል።

አገባቤ ቀጥተኛ አልነበረም። ከአምስት ኪሎ በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ ሁለት ዓመት ቢራ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ለንደን የመጣሁት በትዳር ነው። የምርምር ገንዘቡ ያኔ በአመዛኙ ለነዋሪዎች ስለነበር ሦስት ዓመት መጠበቅ ነበረብኝ፤ ጊዜውን ያሳለፍኩት የአንድ ላቦራቶሪ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ ነው። (ከ2021 ወዲህ ከተቀባዮቹ እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት የውጭ አገር ተማሪዎች እንዲሆኑ ተፈቅዷል። ስለዚህ የኔን መንገድ መከተል ግድ አይደለም።) የቢራውን ነገር ማመልከቻዬ ላይ ልጽፈው አፍሬ ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን «ጋኑ አረፋ ቢገነፍልብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ሲሉኝ ያዳነኝ እሱ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚደውሉልኝ ተመራቂዎች ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፦ ቢራ ፋብሪካም ይሁን ቢሾፍቱ ከ1964 ጀምሮ ያለው የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት፣ በእጃችሁ የነካችሁትን አትደብቁ። ተማሪ ሆነን ቢሾፍቱ ስንሄድ በተርታ የሚሽከረከሩት ጠርሙሶች ውስጥ ሴል እንደሚያድግ ሲነግሩን ማስታወሻ እንኳ አልያዝኩም።

ኩባንያው የሰጠኝ ጥያቄ በአፍ ሲነገር ቀላል ነበር። ሴሎቹ ቾ ይባላሉ፤ ሃምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ እንቁልጢ በ1957 አካባቢ የተገኙ ናቸው። በነሱ የተመረተ የመጀመሪያው መድኃኒት፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1987 ነው። ዛሬ ለካንሰርና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡት ፀረ እንግዳ አካላት አብዛኞቹ ከነሱ ይወጣሉ። ሴሎቹ 37 ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ እየተመገቡ ይቆያሉ። የኛዎቹ 2 ሊትር ጋን ውስጥ ደህና ያመርቱና 200 ሊትሩ ውስጥ ሲገቡ ምርታቸው በሲሶ ይቀንሳል። ለምን?

ስምንት ወር ማማሰያውን ስከስ ኖርኩ። የእንስሳ ሴል እንደ እርሾ ጠንካራ ግድግዳ ስለሌለው ማማሰያው ይቀጠቅጠዋል የሚል ፍርሃት በሙያው ውስጥ የቆየ ነው፤ እኔም ወረስኩት። ማማሰያውን ቀስ አደረግሁት፤ ባሰበት። ቅርጹን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ግራፎቼ ግን ያምሩ ነበር፤ ኦክስጅኑ ልክ፣ አሲድነቱ ልክ፣ ሙቀቱ ልክ።

አንድ ሌሊት ናሙና የሚወስድ ሰው ስለጠፋ እኔው አመሸሁ። ፈረቃው ላይ የነበረው ጡረታው የተቃረበ ኦፕሬተር ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አረፋው ወደ ጋኑ አፍ መውጣት ሲጀምር ሰውዬው ተነሳ፣ አየሩን ቀነሰ፣ የኦክስጅኑን ድርሻ ከፍ አደረገ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው?» አልኩት። አረፋ የመውጫውን ማጣሪያ ካረጠበው ማጣሪያው ይደፈናል፤ ያን ጊዜ የሁለት ሳምንት ሥራ ገደል ይገባል። ያስተማሩት እንዲህ ነው፤ ደግሞም ትክክል ነበር። መዝገቡንም አሳየኝ፦ «አረፋ ወጣ፣ አየር ቀነስኩ።» ገጽ በገጽ፣ የወራት ጽሑፍ ነው።

እዚያው ቆሜ ሆዴ ባባ። አየር ወደ ጋኑ የሚነፋው ኦክስጅን ለማስገባት ብቻ አይደለም፤ ሴሎቹ የተነፈሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ጠርጎ ያወጣል። ትንሹ ጋን ላይ ይህ በራሱ ይሆናል። ትልቁ ላይ ፈሳሹ ጥልቅ፣ ላዩ ደግሞ ከመጠኑ አንጻር ጠባብ ነውና አየሩ ሲቀነስ ጋዙ እዚያው ይጠራቀማል። ጋዙ ፈሳሹን አሲዳማ ስለሚያደርገው ማሽኑ አሲድነቱን ለማስተካከል ቤዝ፣ ማለትም አሲድን የሚያረክስ ነገር፣ ይጨምራል፤ ቤዙ ጨው ሆኖ ይከማቻል፤ ሴሉም ማደጉን ትቶ በሕይወት ለመቆየት ይታገላል። ጠዋት ናሙናውን ሆስፒታል ውስጥ የደም ጋዝ በሚለካበት ዓይነት መሣሪያ ስናየው ጋዙ ከትንሹ ጋን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ አረፋ ማጥፊያውን በትንሽ በትንሹ በሰዓቱ መስጠት፣ አየሩን በትላልቅ ኳሶች የሚያወጣ መንፊያ መግጠም፣ አየሩን አለመንካት። የሚያሳፍረኝ የአየሩ መጠን ኮምፒዩተሩ ላይም ተመዝግቦ መኖሩ ነው። ኦክስጅኑ ደህና ስለነበር ገልጬ አላየሁትም።

ውጭ አገር የኖረ ሐበሻ ይህን ታሪክ ከኔ በተሻለ ያውቀዋል። እናቴ ለምርቃቴ በመጣች ሰሞን ከአዲስ አበባ ባመጣችው የራሷ ጤፍ እንጀራ ስትጋግር እንጀራው ዓይን አላወጣ አለ። ያው ጤፍ፣ ያችው ሴት፣ ያው እጅ። ውሃውን ሰደበች፣ ምጣዱን ሰደበች። በኋላ ሊጡን የሙቅ ውሃ ማሞቂያው ካለበት ቁም ሣጥን ብታሳድረው ዓይን አወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ወጥ ቤቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም።

በሦስተኛው ዓመት ኩባንያው መድኃኒቱን ተወው። ምክንያቱ የገበያ ነው አሉን። የፋብሪካ አማካሪዬም በዚያው ቅነሳ ተሰናበተ፤ የመግቢያ ካርዴ አንድ ሰኞ ጠዋት በሩን አልከፍት አለኝ። ያተረፈኝ የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ግትርነት ነው። ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከሙከራው የተወሰነውን የዩኒቨርሲቲው ንብረት በሆነ ሴል ድገሚው ትለኝ ነበር፤ እኔም ጊዜዬን ታባክናለች ብዬ ማርያም ማርያም እያልኩ ነው የሠራሁት። የመመረቂያ ጽሑፌ ግማሹ የቆመው በዚያ ሥራ ላይ ነው። የኩባንያው ምዕራፍ ለዓመታት ተቆልፎ ቆየ፤ ሥራ ስፈልግም ላሳየው አልቻልኩም። ስለዚህ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት ጠይቁ፦ ጽሑፌን ማን ያያል፣ ስንት ወርስ ሊያዘገየው ይችላል? ምርቱ ቢሰረዝ ገንዘቡ ይቀጥላል? የኔ ብዬ የምወስደው መረጃ የትኛው ነው? እንዲህ መጠየቅ እንደ ድፍረት አይታይም፤ ዝም ማለት ነው የሚያስጠይቀው።

ሥራ በማግኘት በኩል ብዙም አልተንገላታሁም። አብረውኝ ከጀመሩት አንዷ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ገብታ የሌሎችን ማመልከቻ ትመረምራለች፤ አንዱ የፓተንት ጠበቃ ሆነ፤ አንዱ ፋብሪካ ሳይሠራ በፊት ወጪውን የሚያሰላ አማካሪ ነው፤ ሌላዋ ለጂን ሕክምና የሚሆኑ ቫይረሶች ታመርታለች። ዩኒቨርሲቲ የቀረም አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ፕሮፌሰር መሆን የሚፈልግ ሰው ፒኤችዲ ቢሠራ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ያሳተምኩት ወረቀት ከጓደኞቼ ያነሰ ነው፣ የማስታወቂያ ጽሑፎቹ ይህን አይናገሩም። በአንጻሩ እኔን የቀጠረኝ ቡድን ስለ ጽሑፌ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ የቀረውን ሰዓት ስለዚያ ሌሊት ሲያስወራኝ ቆየ።

ዛሬ ሥራዬ ቴክኖሎጂ ሽግግር ይባላል። በ2020 ኦክስፎርድ የተነሳው የኮቪድ ክትባት ወደ ብዙ አገር ፋብሪካዎች ሲዛወር ቃሉ አገር ምድሩን አዳረሰ እንጂ ሥራው የቆየ ነው፤ አንድ ቦታ የሚሳካን ነገር ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ እንዲሳካ ማድረግ። የመጀመሪያ ኃላፊነቴ አየርላንድ ውስጥ የነበረ ፋብሪካ ነው። ሰነዱን ወራት ፈጅቼ አዘጋጅቼዋለሁ። ስደርስ ከቀኑ ስብሰባ በፊት የሌሊት ፈረቃውን ሰዎች ላግኝ አልኩ፤ በዚህም ትንሽ ኮራሁ። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ሰነዱን ገልጣ አረፋ የሚለው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «አረፋ ሲነሳ እንደ አስፈላጊነቱ እርምጃ ይወሰዳል» ይላል። «እንደ አስፈላጊነቱ ማለት ምን ማለት ነው? ማን ነው የጻፈው?» አለችኝ።

እኔ ነኝ የጻፍኩት። እስክሪብቶ ተበድሬ መስመሩን ሰረዝኩት፤ ከጎኑ የሚደረገውን በዝርዝር ጽፌ፣ ቀንና ፊርማ አኑሬ መለስኩላት።