አለቃው የከለከለው የኮርማ ቀልድ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። በዋርነር ብራዘርስ የካርቱን ስቱዲዮ ደራሲው ማይክል ማልቲዝና ዳይሬክተሩ ቸክ ጆንስ ባግስ ባኒ ለተባለው የካርቱን ጥንቸል የሚሆን ታሪክ ጠፍቷቸው ቁጭ ብለዋል። ፕሮዲዩሰሩ ኤዲ ሴልዘር ድንገት በሩ ላይ ብቅ ይልና የኮርማ ፍልሚያ ምኑም እንደማያስቅ፣ በዚያ ላይ ቀልድ እንዳይሠሩ አስጠንቅቋቸው ይሄዳል። ጆንስ በኋላ እንደተረከው፣ እስከዚያች ደቂቃ ስለ ኮርማ ያሰበ አልነበረም። ተያዩ። ሴልዘር በቀልድ ጉዳይ ልክ ሆኖ ስለማያውቅ፣ ታሪኩ ተገኘ ማለት ነው!

ግምታቸው መሠረት ነበረው። ፔፔ ለ ፒው የተባለውን የሚገማ የካርቱን እንስሳ አያስቅም ብሎ የተቃወመው ሴልዘር ነው፤ ማልቲዝ የጻፈው የፔፔ ፊልም በ1950 ኦስካር ሲያገኝ ሽልማቱን የተቀበለውም እሱ።

እንዲህ ያለ ጥሬ ሐሳብ መጀመሪያ የሚቀርበው ዳይሬክተሮችና ደራሲዎች ለሁለት ሰዓት በሚሰበሰቡበት ክፍል ነበር። እዚያ «አይሆንም» ማለት ክልክል ነው። ሐሳብ ያለው ይጨምራል፣ የሌለው ዝም ይላል። ገና ያልቆመ ቀልድ በአንድ ተቃውሞ ስለሚሞት ነው። ግን የመጣ ሁሉ ይወራል ማለት አይደለም፤ የሚጨመረው ለዚያው ታሪክ የሚጠቅም መሆን አለበት። ማጣራቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ከዚያ ደራሲው ታሪኩን በእርሳስ እየሣለ በሰሌዳ ላይ ይሰካል፤ ለአንድ ፊልም ከመቶ በላይ ሥዕል ይሆናል። ደካማ ቀልድ መነቀል ያለበት እዚህ ነው። የስድስት ደቂቃ ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሰላ 8,640 ፍሬም ነው፤ በእጅ ተሥሎ ካለቀ በኋላ መቁረጥ የሳምንታት ድካም መጣል ነው።

ከዚያ የኮርማ ሐሳብ ተሠርቶ በ1953 የወጣው «ቡሊ ፎር ባግስ» መጨረሻው ላይ ያለው ወጥመድ የዚህ ሥራ ምርጥ ማሳያ ይመስለኛል። ኮርማው ግራሶ በተቀባ መወጣጫ ላይ ተንሸራቶ አየር ላይ ይወጣል፤ ሙጫ ሆዱን ይነካዋል፣ በሙጫው ላይ የብርጭቆ ወረቀት ይለጠፋል፣ ወረቀቱ ክብሪት ይጭራል፣ ክብሪቱ የማቀጣጠያውን ክር፣ ክሩ የባሩዱን በርሜል ያቀጣጥላል። ሙጫው ከብርጭቆ ወረቀቱ በኋላ ቢመጣ ክብሪቱ አይጫርም፣ ቀልዱም እዚያው ያበቃል። ደራሲው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ የሚሰካውም እንዲህ ያለውን ስሕተት ገና ሰሌዳው ላይ ለመያዝ ነው።