ወንጂን በእግር ለመዞር ደብዳቤ አያስፈልግም

አዳማ ለሚኖር ሰው የእሁድ ሽርሽር ማለት ሶደሬ ነው። ዋና፣ ሙዚቃ፣ ግርግር። ግርግሩ ለሰለቸው ደግሞ ወንጂ አለች። ይህን የምጽፈው ከመሄዴ በፊት የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው።

መሄዱ ቀላል ነው። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ አለ፣ ተሳፍሮ መውረድ ብቻ። ስትወርዱ ባጃጆች ይከቧችኋል። አመስግናችሁ እለፉ።

ከተማዋ ከስኳር ጋር ያደገች ናት። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ እዚህ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። የሠራተኞቹን መንደሮች ሰው ዛሬም ካምፕ ነው የሚላቸው። አሮጌዎቹ ሁለት ፋብሪካዎች ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ አዲሱ ዶዶታ በኩል ነው። አገዳው ግን አለ። በመሃሉ የአፈር መንገድ አለ፤ እግር እንዳመራ መሄድ ነው። ነጭ ልብስ አትልበሱ። አገዳ ከመቆረጡ በፊት ስለሚቃጠል ጥላሸቱ ሰው አይመርጥም።

ጣጣው የመጣው አዋሽ ዳር ነው።

ወንዙን በስልኬ አነሳሁ። ከኋላዬ የሆነ አጥር ነበር፤ የምን አጥር እንደሆነ እንኳን አላየሁም። ጥበቃው መጡ።

«ምንድን ነው የምታነሳው?»

«ወንዙን ነው፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ስለሚያምር።»

ይህችን መልስ አልወደዷትም። ነጋዴ ብሆን፣ ቀያሽ ብሆን ይገባቸው ነበር። አምሮት ወንዝ የሚያይ ሰው ግን አንድ ነገር ደብቋል።

«ደብዳቤ አለህ?»

የለኝም። «እንግዲያው ኃላፊ እስኪመጣ ተቀመጥ» አሉ። ግራር ሥር ተቀመጥኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው ምሳ ሰዓትን ተሻግሮ ቀጠለ። እስከዚያ ልጆች መጥተው ዓሣ አጠመዱ፣ ሴትዮዋ ልብስ አጥበው ሄዱ፣ አህያ ሳይቀር ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ። ደብዳቤ የተጠየቀ የለም። ብስጭቴ እስካሁን አልወጣልኝም።

ኃላፊው ሲመጡ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አስጠፉኝ። ሳይጠየቁ የወንድሜን ልጅ የልደት ፎቶም አዩ። «በሚቀጥለው ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ ይዘህ ና።» የግል ሥራ ነው የምሠራው ስላቸው «ከቀበሌህ አምጣ» አሉኝ።

እልህ ያዘኝ። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ በቅንነት አዳመጠችኝና «ጉዳዩ ምን ይባል?» አለችኝ።

«ሽርሽር።»

«ወንድሜ፣ በሽርሽር ደብዳቤ አይወጣም። ጥናት እንበለው?»

«አላጠናም እኮ።»

«እሺ ለሥራ ጉዳይ እንበል።»

ሥራዬ ምን እንደሆነ ሳይጻፍ «ለሥራ ጉዳይ» ተብሎ ተጻፈ። ፈራሚው የለም፤ ነገ ና። ነገ ሄድኩ፤ ፈራሚው አለ፣ ማኅተም የያዘችው የለችም። በመጨረሻ ተፈረመ፣ ታተመ፣ ቁጥር ተሰጠው። እኔም ደብዳቤዬን በፕላስቲክ ከትቼ ተመለስኩ። ሌላ ጥበቃ ነው የነበረው። ደብዳቤውን ስዘረጋለት ገና ከሩቁ እጁን አወናጨፈ። «እለፍ እንጂ ወንድም፣ ማን ከለከለህ?»

ስለዚህ ምክሬ መንግሥታዊ አይደለም። «አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ክልከላው ብዙ ጊዜ የሚወለደው ሲጠየቅ ነው፤ የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት ይቀለዋል። አጥር ውስጥ አትግቡ፣ ግድግዳ፣ ድልድይና የውሃ ፓምፕ አታንሱ። ከዚያ ውጭ በሰፊው መንገድ ሰላም እያላችሁ ሂዱ። መንገድ ካስፈለጋችሁ እረኛ ጠይቁ። የትኛው መተላለፊያ ጭቃ እንደሆነ፣ የትኛው ጋ ጉማሬ እንደሚወጣ የሚያውቀው እሱ ነው።

ስለ ወንዙ ግን ቀልድ የለም። አዋሽ እዚህ የሚደርሰው ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራውን የቆቃን ግድብ አልፎ ነው። ግድቡ ውሃ ሲለቅ ወንጂ ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ክረምት ላይማ ጎርፉ መንደር ውስጥ የገባበት ጊዜ አለ። እኔ ከጥቅምት በፊት አልሄድም።

የመስኖ ቦዩ ደግሞ ያታልላል። ጸጥ ያለ ነው፤ ጫማ አውልቆ እግር መንከር ያምራል። አታድርጉት። አካባቢው በቢልሃርዝያ የታወቀ ነው፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ልጆቹ ሲዋኙ አይታችሁ «እነሱ ምን ሆኑ?» አትበሉ።

የሚጠጣ ውሃ ከአዳማ ያዙ። ቡና ግን እዚያው ጠጡ፤ ጀበና የጣደች ሴት አትጠፋም፣ ወሬውም ከቡናው ጋር በነጻ ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር አትቆዩ። ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ በእሱና በውሃው መሃል የቆመ ሰው ደብዳቤ ቢኖረውም አይተርፍም። እረኞቹ ከብቶቻቸውን መንዳት ሲጀምሩ እናንተም ወደ ታክሲው።