ድፎው ወደቀ እንዴ?

ወንድሜ ሊያገባ ነው። እሁድ የልጅቷ ወላጆች ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድተው ደብረ ብርሃን፣ እኛ ቤት፣ ለትውውቅ ሊመጡ ሆነ። እናቴ ከጓሮ ዶሮዎቻችን አንዷን አሳርዳ ወጥ ጀመረች። እኔ ደግሞ “ከወጡ በፊት የሚቀርበውን ለኔ ተይልኝ” አልኳት።

ስልኬ ላይ አይቼ ነው። ያረጀ ሳንቃ ላይ ዳቦ፣ ፍራፍሬና ቺዝ ዝም ብሎ እንደተበተነ ሆኖ ይቀርባል። የገጠር ማዕድ ነው አሉ። ለገጠር ለገጠርማ እኛ አለን አይደል?

ፍራፍሬው አላስቸገረኝም። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውርጩ ውስጥ፣ ገብስና ባቄላ እንጂ ማንጎ አናውቅም። ጣርማበርን ከወረዱ በኋላ ግን ሸዋ ሮቢት አለ። ሹፌር ጎረቤታችን ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን ጭኖልኝ መጣ። የደብረ ሲና ቆሎም ጨመረበት። በዚያ አልፎ ቆሎ ሳይዝ የሚመጣ ሹፌር እስካሁን አላየሁም።

ጉዱ ቺዙ ላይ ነው። ሱቅ ገብቼ ዋጋውን ጠየቅሁ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ቤት ውስጥ አይብ እያለ ምን በወጣኝ! ችግሩ፣ አይብ አይቆረጥም። አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ይሞቅና ሲረጋ አጓቱ ይጠለላል፤ በቃ፣ ያው ፍርፍር ነው። ደግሞ ከ8 ሊትር አሬራ 1 ኪሎ ያህል ቢገኝ ነው፤ እናቴ እንዳትቆጥረው ፈርቻለሁ። እኔ ግን እንደ ፎቶው በቢላ እንዲቆረጥ ፈለግሁ። በንጹህ ጨርቅ ጠቅልዬ የወፍጮ መጅ ጭኜበት አደርኩ። ጠዋት ስገልጠው እንደ ኩበት ተጠፍጥፏል። ደስ አለኝ። ቢላ ሳስነካው እንደ አሮጌ ግድግዳ ተናደ።

ሳንቃውን ጓሮ አገኘሁት። ዝናብና ፀሐይ ያነጣው፣ ልክ እንደ ፎቶው። በፈላ ውሃና በሳሙና ሦስቴ ፈተግሁት።

እንግዶቹ መጡ። አባትየው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ሳንቃዬን በኩራት አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጾም እንዳይሆንብኝ እንኳ አጣርቻለሁ፤ እሁድ ነው፣ የጾም ወቅትም አይደለም። ታዲያ ምን ሆኑ?

“ምነው ልጄ፣ ድፎው ወደቀ እንዴ?” አሉ።

ድፎ ሙሉውን ቀርቦ፣ ትልቅ ሰው ባርኮ እንደሚቆርሰው ጠፍቶኝ አይደለም። ፎቶው ላይ ዳቦው ተቆራርጦ ነበር፤ እኔም ቆራረጥኩት። ወንድሜ በዓይኑ ገደለኝ። ሁለታችን ተንበርክከን ቁራጮቹን እየገጣጠምን ድፎውን እንደገና ክብ ለማድረግ ሞከርን። አንድ ቁራጭ ጎደለ። እሱን ጠዋት ጨው መጠኑን ለማየት በልቼዋለሁ። አባባ ቀዳዳውን አይተው እንዳላዩ ሆኑና “ቤቱን ይባርክ፣ ይሙላ ይትረፍረፍ” ብለው መረቁ። በተለይ ‘ይሙላ’ የምትለው ለቀዳዳው መሰለኝ።

እማማ ማንጎው ላይ የተነሰነሰውን አይብ ትንሽ አሰቡበት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ክትፎው ገና ነው?” አሉኝ።

አባቴ ማዕዱን አላየም። ሳንቃውን ነው የሚያየው። ጎንበስ ብሎ ጠርዙ ላይ ያለውን የተጣመመ ሚስማር በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

“አንቺ” አለኝ፣ “ማታ ዶሮዎቹ በምን ሊዘጉ ነው?”

አባባ ማኘካቸውን አቆሙ። ሁሉም ወደኔ ዞረ።

“ሦስቴ አጥቤዋለሁ” አልኩ። “በፈላ ውሃ።”

ይህን ስል እናቴ ዶሮ ወጡን ይዛ ገባች። ምኑንም አታውቅም፤ “ብሉ እንጂ፣ ምነው ዝም አላችሁ?” ትላለች። አባባ ወጡን አዩ፣ ሳንቃውን አዩ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጣቸው።

“በሩንም ባለቤቷንም አቀረባችሁልን እኮ!”

አይቡን ከወጡ ጋር ጠርገው በሉት። ሳንቃውን አመሻሽ ላይ አባቴ ቦታው መለሰው። እስካሁን የዶሮ ቤቱ ማንጎ ማንጎ ይሸታል።