የጎዳና ተዳዳሪዎችን ፊት ለፊት መሣል

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሙሉ ፊታቸውና ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ኃጥአንና አጋንንት ግን በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። አዲስ አበባ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎችን በከሰል መሣል ስጀምር ይህን ልማድ እንደ መመሪያ ያዝሁት። የጎዳና ተዳዳሪ በሥዕልም ሆነ በፎቶግራፍ ዘወትር የምናየው አንገቱን ደፍቶ ወይም ካርቶን ላይ ተጋድሞ ነው፤ እንዲህ ያለው ምስል ችግሩን እንጂ ባለችግሩን አያሳይም።

የተቀመጠን ሰው ቆሞ የሚሥል የሚያገኘው አናቱን ስለሆነ የምቀመጥበት ዱካ ይዤ እሄዳለሁ። ጀርባዬንም ለግንብ እሰጣለሁ፤ ያለዚያ መንገደኛው ከኋላዬ ተኮልኩሎ ወረቀቱንና ሰውየውን እያስተያየ ሲሳሳቅ ተሣዩ ፊቱን ይዘጋል። ክፍያውን የምሰጠው ከመጀመሬ በፊት ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ገንዘብ ምጽዋት ይመስላል፣ ደክሞት መነሣት የፈለገውንም ሰው ያለፈቃዱ አስሮ ያስቀምጠዋል።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር የሚውሉ አንዲት እናት «እማማ፣ ልሣልዎት?» ስላቸው «እንዲህ ሆኜ?» አሉኝና ከፌስታላቸው ንጹሕ ነጠላ አውጥተው፣ ጥለቱን አስተካክለው ተከናነቡ፤ «በል አሁን ሣል፣ ልጄ» አሉ። እውነቱን ለመናገር ለከሰል የሚመቸው ከነጠላው ይልቅ የተቀዳደደው ጋቢያቸው ነበር። የነጠላ ንጣት ወረቀቱን ባዶ በመተው እንጂ በመቀባት አይገኝም፤ ስለዚህ ጥላውን አገጫቸው ሥር ብቻ አጥቁሬ ሌላውን ሳልነካው ተውሁት። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1630 በሠራው አንድ የኅትመት ሥዕል ለለማኙ የገዛ ራሱን መልክ ሰጥቶታል፤ ድፍረቱን ባደንቅም እኔ የመረጥሁት ተሣዩ ራሱ እንዲታይ በፈለገው መልክ መሣልን ነው።

የከሰል ሥዕል በላስቲክ ቤት ውስጥ ክረምቱን አይሻገርም። ስለዚህ ለተሣዩ የምሰጠው የሥዕሉን ፎቶግራፍ አሳጥቤ፣ ላሚኔት አስደርጌ ነው፤ ዋናውን የምሸጠው ግን ሲፈቀድልኝ ብቻ ሲሆን ዋጋውንም እኩል እንካፈላለን። አናጢ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሽያጩን የፈቀዱት ከሥዕሉ ሥር ስማቸውና ሙያቸው እንዲጻፍ፣ «የጎዳና ተዳዳሪ» የሚል ቃል ግን እንዳይገባ አስጠንቅቀው ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹንም ምን ተብሎ ይጻፍልዎ ብዬ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ስሙን፣ አንዳንዱ የትውልድ አገሩን ይነግረኛል፣ ምንም እንዳይጻፍ የሚሻም አለ።