አቦሉ ራሱ በረካ ሲሆን

የሰፈራችን ሰው ተቸገርኩ ብሎ አይነግርህም። ይቀልድብሃል እንጂ። ቡና ትጠራለህ። ዕጣኑ አለ፣ ቄጤማው አለ፣ ፈንዲሻው ግን የለም። ጀበናው ከከሰሉ ተነስቶ ሲቀዳ የሲኒው ቂጥ ወለል ብሎ ይታያል። ሁሉም አይቶ እንዳላየ ሲኒውን ያነሳል። ይሄኔ ባለቤቷ ራሷ ትጀምረዋለች፦ «ምን ታፈጣላችሁ? ዛሬ አቦሉ ራሱ በረካ ነው። ቶናውማ የሚታየው ለበቁ ሰዎች ብቻ ነው!»

ከዚያ ሳቅ ነው። ሳቁ ሳያልቅ አንዷ ጎረቤት ነጠላዋን አስተካክላ «መጣሁ» ብላ ትወጣና በላስቲክ የተቋጠረ ጥሬ ቡና ይዛ ትመለሳለች። ማንም አልለመነም። ማንም አልመጸወተም። ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።

«ሐበሻ እኮ በችግሩ ይስቃል» ሲሉ ስሰማ ትንሽ ያናድደኛል። ሳቁን የሞኝ ሳቅ ያስመስሉታል። እዚህ ባሕር ዳር፣ ቢያንስ እኛ ሰፈር፣ ሳቅ ሥራ አለው። «የለኝም» ማለት አንገት ያስደፋል። «አቦሉ በረካ ነው» ያለ ሰው ግን ያው የለኝም ነው ያለው፣ አንገቱን ግን አልደፋም። የሰማውም ሰው ማዘኑን ሳያሳይ ተነስቶ የሚችለውን ያደርጋል።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ከጣና ሐይቅ ማዶ ፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሃና ስንት ዘመን ቀድመውናል። የአይጧን ታሪክ የማያውቅ ካለ፦ ግብዣ ተጠርተው ሄዱ አሉ። መሶቡ ሲከፈት አይጥ ዘላ ወጣች። ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለቤቷ «ይብሉ እንጂ አለቃ፣ ምነው» እያለች ስታስቸግራቸው «ኧረ በልቻለሁ እመቤቴ፤ የእርስዎ ቤት እንጀራ መቼም አይጠገብ!» አሏት ይባላል። ቀስ ብላችሁ ድገሙት። ሴትዮዋ በሰው ፊት አላፈረችም፣ እሳቸውም አልዋሹም። (በነገራችን ላይ የተክሌን አቋቋም፣ ያን የቤተ ክርስቲያን የዝማሬና የውዝዋዜ ስልት፣ ከጣና ማዕበልና ከዳሩ ቄጤማ ውዝዋዜ ቀዱት የሚባለውም እኚሁ ሰው ናቸው። ያንኑ ሐይቅ እያየን እኛ ስንቀዳ የኖርነው ዓሣ ብቻ ነው።)

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዘይት የቀልዶቻችን ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኗል። አከራያችን እትዬ ሽሮ ሲያቀርቡ «ዘይቱ ድስቱን ሰላም ብሎት ነው የሄደ፣ አልተቀመጠም» ይላሉ። ልጃቸው ደግሞ «እማዬ፣ ሰላም አላለውም፣ በስልክ ነው ያወሩት» ትላለች። ከእናቷ ትብሳለች።

ጀልባ ማቆሚያው ጋ አንድ ወዳጅ አለኝ። ሥራው ጎብኚ ወደ ደሴት ገዳማት ማመላለስ ነው፣ ማለት ነበር። ፈረንጁ ከጠፋ ቆይቷል፣ የአገሩም እንግዳ መንገዱን እያሰበ ቀርቷል። እሱ ግን ጠዋት ይመጣል። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ይወለውላል። ሞተሩን ያስነሳና ጆሮውን ጣል አድርጎ ያዳምጠዋል፣ ነዳጅ እንዳይፈጅ ወዲያው ያጠፋዋል። ከዚያ ጀልባው አፍንጫ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። አንድ ቀን ወደ ክብራን ገብርኤል እያየ «እዚያ ያሉት አባቶች ዓለምን ንቀው ነው የገቡት፤ እኔን ደግሞ ዓለም ራሱ ንቆኝ ነው እዚህ የተቀመጥኩት። ከዚህ በቀር ልዩነት የለንም» አለኝ። አንድ ሰው ለሽርሽር ሳይሆን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ዘጌ እሄዳለሁ ብሎ ከመጣ ተራው የደረሰው ይወስደዋል፣ ሲመለስ ሥራ ያላገኙትን ምሳ ይጋብዛል። የተጻፈ ሕግ የለም። ያልጋበዘ ግን እስከ ማታ የሚወርድበትን ተረብ አይችለውም። ሳስበው ከሕግ ይበልጣል።

እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረምም አላመለጠም። 2004 አካባቢ ሐይቁ ላይ ከታየ ጀምሮ በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ሰው አስጨንቋል፣ የዓሣ አጥማጁን መረብም የከብቱን ግጦሽም ተሻምቷል። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ሙቀትና ውሃ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ዓመታት ይጠብቃል። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነው የነቀለው፣ ከከተማም ሰው በመኪና እየተጫነ ሄዶ አግዟል። ከዚያ ዘመቻ የተመለሰ አንድ ጎረቤታችን በር ላይ ቁጭ ብሎ አልቅት የነከሰውን ባቱን እያከከ «ያለ ሊዝ ይሄን ሁሉ ቦታ የወሰደ ኢንቬስተር እምቦጭ ብቻ ነው፤ ለዚያውም የሐይቅ ዳር!» አለ። ባሕር ዳር ውስጥ የሐይቅ ዳር መሬት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ይስቃል። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ቦት ጫማ ተውሶ ተመልሶ ሄደ።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ ደግሞ ቀልዱ ሁሉ ከስልክ ወጥቶ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። አንዷ «ባለቤቴ ተረበኛ መሆኑን ያወቅሁት ዳታ ሲጠፋ ነው» አለች። እሱ ቀበል አድርጎ «እኔ ደግሞ ሚስት እንዳለኝ!»

እንዲህ ስጽፍ ግን ሁሉም ሳቅ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። ሳቅ መድኃኒት አይገዛም። የሚያስቆጣ ነገር ላይ ስቀን ያለፍንባቸው ቀኖች አሉ፣ መቆጣት ነበረብን። ልጇ የታመመባት ጎረቤታችን ጋ ሄደን አንዱ እንደ ልማዱ ሊያስቃት ሲጀምር «ዛሬ አታስቁኝ» አለች። ዝም አልን። ሴቶቹ ልብስ አጠቡላት፣ ወንዶቹ ውጭ ቆመው ለሐኪም ቤት ያሰባሰቡትን ብር ለባሏ ሰጡት። ያን ቀን ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ ቀና ሲል እሷው ራሷ «ያን ቀን ያፈናችሁትን ቀልድ አምጡት፣ ሻግቷል?» አለችን።

አሁን ወደ ምወደው ልምጣ። ግቢያችን ውስጥ ደመወዙ የተቋረጠበት አባወራ አለ። ሚስቱ ኩሩ ናት፣ የሚያውቃት ሰው «እንካችሁ» ብሎ በሯን አያንኳኳም። አንድ ማለዳ አከራያችን እትዬ አንድ ጣሳ ሙሉ ሽሮ በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው መጡ። ጣሳው የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፣ ክዳኑ ስለጠፋ በፌስታል ታስሯል። በሩን ሳያንኳኩ ከውጭ ሆነው እያማረሩ ጀመሩ፦ «ይሄ ሽሮ ሰላም ነሳኝ እኮ! አብዝቼ አስፈጭቼ ነቀዝ ሊበላብኝ ነው። እባክሽ ነቀዝ ሳይቀድማችሁ ብሉልኝ።»

ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሽሮው የተፈጨው በዚያው ሳምንት ነው፣ በርበሬው ገና ይሸታል፣ ነቀዝ እንኳን ሊገባበት አድራሻውንም አላወቀው። እሷም ታውቃለች። ጣሳውን ተቀብላ ፌስታሉን ፈታ አሸተተችው። ትንሽ ቆየች። ዓይኗ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

«እንግዲህ እትዬ፣ እኛን ነቀዝ አደረጉን ማለት ነው?»

«ነቀዝስ በስንት ጣዕሙ፣ እናንተማ ስድስት ናችሁ!»

ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ፣ እኔ ጥርሴን እየቦረሽኩ በሳሙና ታነቅሁ። ከዚያ ወዲህ ያ ቤት «የነቀዞቹ ቤት» ይባላል። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚያወሩት። ባልየው ሥራ አግኝቶ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ጣሳውን ስኳር ሞልቶ መለሰው፣ «ነቀዝ ደግሞ ስኳር አይወድም» ብሎ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ የዕድር ስብሰባ ነበር። አጀንዳው ደረቅ ነው፦ የወር መዋጮ ይጨመር ወይስ አይጨመር። ድንኳኑ ተቀዷል፣ ብረት ድስቶቹ ተበስተዋል፣ የእህሉም ዋጋ የሚታወቅ ነው። ጸሐፊው ሒሳቡን ሲያነብ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት ጋሼ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «ይሄውላችሁ፣ መኖር ተወደደ ስትሉ ችዬ ዝም አልኩ። አሁን መሞትም ሊወደድ ነው? እንግዲያውስ ዋጋው ሳይጨምር ዛሬውኑ ልሙትና ልገላገል!»

ሰብሳቢው እንኳን ፊቱን በደብተሩ ሸፈነ። ከዚያ በኋላ አፉ የታሰረው ሰው ሁሉ ተናገረ። አንዷ «ለሞተ ብቻ ከምናዋጣ ሳይሞት ለታመመውም ይሁን» አለች። ሌላው ደብተር መግዛት ያቃታቸውን ልጆች አነሳ። ተከራከርን፣ ትንሽም ተጯጯህን። በመጨረሻ ጭማሪው ጸደቀ፣ ከጭማሪው ግማሹ ለታመመና ለተማሪ እንዲሆን ተወሰነ። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ተፈረመ።

ጋሼ ወጥተው ሳይሄዱ የራሳቸውን የሦስት ወር መዋጮ በአዲሱ ሒሳብ ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ እየቆረጠ «ጋሼ፣ ቅድም ዛሬውኑ እሞታለሁ አላሉም?» ሲላቸው «ብያለሁ» አሉት። «ግን ከከፈልኩ በኋላ ሳስበው፣ ይሄን ያህል ብር አውጥቼማ ሳልታመምበት አልሞትም!»