መብራት ሲመለስ ማጉያው የት ላይ ይቆማል?

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት እናት ለሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ የቴሌቪዥን መስመር እንድዘረጋ ተጠይቄ ነበር። ሪሲቨሮቹ በዋናው ቤት ጣሪያ ሥር ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ምስል በሞዱሌተር በየራሱ ቻናል ላይ ተጭኖ በአንድ ባለ 75 ኦም ኮአክሲያል ኬብል 100 ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቁን ወደሚያዩት ክፍሎች ይደርሳል። በኬብሉ የሚደክመውን ሲግናል ለማጠንከር ገበያ ላይ ያገኘሁት ማጉያ በካቻቪቴ የሚስተካከል ስለነበረና ለእያንዳንዱ ለውጥ ጣሪያ ሥር መግባት ስለሚጠይቅ፣ ጌይኑ (የማጉላት መጠኑ) በማይክሮ ኮንትሮለር፣ ማለትም ፕሮግራም በሚጻፍለት ትንሽ ቺፕ፣ የሚታዘዝ ማጉያ ራሴ ለመሥራት ወሰንሁ።

ሁለት ቋሚ ማጉያዎችን አስቀምጬ በመካከላቸው በ6 ቢት ቁጥር (ከ0 እስከ 63) የሚታዘዝ አቴኑዌተር፣ ማለትም ሲግናል የሚቀንስ ቺፕ፣ አስገባሁ። አንዱ እርምጃ 0.5 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ስለሆነ በ63 እርምጃ እስከ 31.5 ዴሲቤል መቀነስ ይቻላል። ቦታውን የመረጥሁት አስቤበት ነው፤ አቴኑዌተሩ ከመጀመሪያው ማጉያ በፊት ቢገባ ደካማው ሲግናል ገና ሳይጎላ ይዳከምና ኖይዙ (ያልተፈለገው ጫጫታ) ይጎላበታል፣ ከሁለተኛው በኋላ ቢገባ ደግሞ ሁለተኛው ማጉያ ውጤቱ ተቀነሰም አልተቀነሰ ዘወትር በሙሉ ጫና ይሠራል።

ከጌይኑ ይልቅ ብዙ ያሳሰበኝ ግን የኬብሉ ጠባይ ነበር። አርጂ 6 የተባለው ኮአክሲያል ኬብል በ100 ሜትር ውስጥ በ55 ሜጋኸርዝ 5 ዴሲቤል ያህል ሲያጠፋ፣ በ750 ሜጋኸርዝ ከ18 ዴሲቤል በላይ ያጠፋል። ጌይን ሁሉንም ቻናል እኩል ስለሚያነሳ ይህን ልዩነት ሊያቃና አይችልም፤ ለላይኞቹ ቻናሎች ሲበቃ ለታችኞቹ ይበዛል። ስለዚህ ከማጉያው በፊት የታችኞቹን ቻናሎች ብቻ የሚቀንስ ኢኳላይዘር ጨመርሁ። ይህን ያላደረገ ሰው አቴኑዌተሩን ቀኑን ሙሉ ቢያስተካክል አንዱን ቻናል ሲያድን ሌላውን ያበላሻል።

መስመሩ ለጥቂት ሳምንታት በደንብ ሠራ። ክረምቱ ሲገባ በሁሉም ክፍሎች ምስሉ ላይ ሰያፍ መስመሮች መታየት ጀመሩ። ዝናቡን ጠርጥሬ በውጭ ግድግዳ ላይ ያለውን ኮኔክተር ስፈታው የመሃሉ መዳብ አረንጓዴ ሆኖ፣ ዙሪያውን ያለው የሽቦ መረብ በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ አገኘሁት። ቆርጬ አዲስ ኮኔክተር አሰርሁ፣ ውሃ እንዳያስገባም ሸፈንሁት። ኮኔክተሩ በእርግጥ የተበላሸ ነበር፤ የሰያፎቹ ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። ሲግናሉ የደከመ መስሎኝ ነበር።

ፍንጩን የሰጡኝ የቤቱ ባለቤት ናቸው። «ልጄ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ነው እኮ እንዲህ የሚሆነው፤ አንተ መጥተህ ስትነካካው ይድናል» አሉኝ። ቀደም ሲልም ነግረውኝ ኮኔክተሩ ላይ ስላተኮርሁ ሳላጤነው ቀርቻለሁ። ለማይክሮ ኮንትሮለሩ የጻፍሁት ፕሮግራም የመረጥሁትን የአቴኑዌተር ቁጥር የሚይዘው መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ማስታወሻ ላይ ብቻ ነበር። መብራት ሲመለስ 24 የነበረው ቁጥር ዜሮ ይሆናል፤ በእኔ ቺፕ ዜሮ ማለት ምንም አለመቀነስ ስለሆነ መስመሩ በአንድ ጊዜ 12 ዴሲቤል ይጨምራል። ብዙ ቻናል በአንድ ማጉያ ሲያልፍ ሲግናሉ 1 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ከቻናሎቹ መቀላቀል የሚወለዱት ሦስተኛ ደረጃ ውጤቶች 3 ዴሲቤል ያድጋሉ፤ ስለዚህ በንጹሑ ምስልና በቅልቅሉ መካከል የነበረው ርቀት በስሌት 24 ዴሲቤል ጠብቧል ማለት ነው። ሰያፎቹ የመጡት ከሲግናል ማነስ ሳይሆን ከመብዛት ነበር።

አሁን የአቴኑዌተሩ ቺፕ ኃይል ሲያገኝ በሙሉ ቅነሳ እንዲነሳ የመነሻ ሁኔታውን የሚወስኑትን እግሮቹን (ፒኖቹን) በዚያው መሠረት አስሬያለሁ። ማይክሮ ኮንትሮለሩ ቮልቴጁ እስኪረጋ ይጠብቃል፤ ከዚያ በቋሚ ማስታወሻ በሁለት ቦታ የተጻፈውን ቁጥር አመሳክሮ ጌይኑን በእርምጃ ያነሳል። በሁለት ቦታ የጻፍሁት መብራት በመጻፍ ላይ እያለ ቢጠፋ አንዱ ቅጂ እንዲተርፍ ነው። ቋሚው ማስታወሻ 100,000 ጊዜ ያህል መጻፍን ብቻ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ለአንድ ደቂቃ ሳይለወጥ ካልቆየ አይጻፍም። ቁጥሩን ለአቴኑዌተሩ ያለማቋረጥ መላክንም ተውሁ፤ ከቁጥሩ ጋር የሚላከው የሰዓት ምት (ክሎክ) ወደ ታችኞቹ ቻናሎች እየገባ ቀጭን መስመር ያሳይ ስለነበር፣ አሁን የሚላከው ለውጥ ሲኖር ብቻ ነው፤ በገመዶቹ ላይም 100 ኦም ሬዚስተር አስገብቻለሁ።

የግንቦት ፀሐይ ኬብሉን ሲያሞቀው ጌይኑ ራሱን እንዲያስተካክል ሙቀት መለኪያ ልጨምርም አስቤ ነበር። የኬብሉ ጥፋት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.2 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ የ25 ዲግሪ ለውጥ በ18 ዴሲቤል ላይ 0.9 ዴሲቤል ብቻ ያመጣል፤ ሁለት እርምጃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መለኪያውን ትቼ፣ ቀትር ላይ በመጨረሻው ክፍል ለክቼ ቁጥሩን 22 ላይ አቆምሁት።