የላላው ዳዶ

ሦስት ቀን ሙሉ ሞተሬ ነዳጅ ስሰጣት "ቀጭ" ትል ነበር። ካቴናው ነው ብዬ አጠበቅኩት። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ዛሬ ካቴናውን የሚያዞረውን የፊተኛውን ጥርስ ክዳን ስከፍት ጥርሱን የያዘው ዳዶ በጣቴ ዞረ። በጣቴ! ዳዶው እንዳይላላ መታጠፍ የነበረበት የሮንዴላው ጠርዝ ጭራሽ አልታጠፈም። ባለፈው የገጠምኩት እኔው ነኝ፣ በማን ላይ ላላክክ?

አዲስ ሮንዴላ አስገባሁ። ሞተሯን ማርሽ ውስጥ ከትቼ ወንድሜ የኋላ ፍሬኑን ረገጠልኝ፤ አለዚያ ጥርሱ አብሮ ይዞራል። ዳዶውን መመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) አጠበቅኩ። ከዚያ የሮንዴላውን ጠርዝ በመሮና በመዶሻ ቀስ እያልኩ አንስቼ የዳዶው ጠፍጣፋ ጎን ላይ አስተኛሁት። አንዴ ጣቴን መታሁት፣ እሱን እንለፈው።

ማታ ስነዳት ጸጥ ብላለች። ያለ ጥፋቱ ያጠበቅኩትን ካቴና ግን ወደ ቀድሞ ልኩ መለስኩት።